የሽጉጥ ዋስ

ፀሐይወርቅ የሰው ልጅ ዳይፐር ለመቀየር የአሥር ጣቷን አሻራ የሰጠች ሴት ናት። እሷ ብቻ ብትሆን ደግ ነበር። ባሏ ንጉሤም ሰጥቷል፤ ልጇ ሮሃም አሥራ ስምንት ዓመት የሞላት ዕለት ኬኩ ሳይቆረስ ተወስዳ ሰጥታለች። የንጉሤ የአክስት ልጅ ከሲያትል መጥቶ ቤዝመንት ውስጥ ሲከርም፣ "እኔ እኮ እንግዳ ነኝ" እያለ ቢነጫነጭም፣ እጁን ይዛ ወስዳ አሻራ አስነስታዋለች። ቤቱ ውስጥ ዴይኬር፣ የሕፃናት ማቆያ፣ የከፈተ ሰው እዚያ ቤት የሚያድረው አዋቂ ሁሉ ባክግራውንድ ቼክ ማለፍ አለበት፤ የኋላ ታሪኩ ተፈትሾ ወንጀል እንደሌለበት መታወቅ አለበት። ፀሐይወርቅ ይህን ሕግ መጀመሪያ ረገመችው፣ ኋላ ለመደችው፣ በመጨረሻ ወደደችው።

ወደደችው ብቻ ሳይሆን አበዛችው። በኦሃዮ፣ ከኮሎምበስ ከተማ ወጣ ብሎ ካናል ዊንቸስተር ባለው ቤቷ በር ላይ ልጅ ሊወስድ የሚመጣ አያት፣ ዕድሜ ልኩን በቤተ ክርስቲያን አጠገቧ የቆመ ሰው ቢሆን እንኳ፣ ወላጆቹ ስሙን ካላስመዘገቡ ልጁን አያገኝም። "አላወቅሽኝም እንዴ?" ይላታል ሰውዬው። "በደንብ አውቄሃለሁ፤ መታወቂያህን አሳየኝ" ትለዋለች። በዚህ የተቀየሟት ብዙ ናቸው። ከተቀየሟት መካከል ግን ልጁን ከእሷ አውጥቶ ሌላ ቦታ የወሰደ የለም። እንግዲህ ለዚህ ምን ይባላል?

ሴትዮዋ ድሮም እንዲህ ናት። ከካርቱም ኮሎምበስ የገባች ሰሞን ኢስተን ካለ ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ ኖረች፤ ወገቧ እምቢ ሲላት ወደ ልጆቹ ዞረች። ሰው ሲያታልላት ሳይሆን ሰው "ምን ችግር አለው?" ሲላት ነው ደሟ የሚፈላው። ችግሩ ምን እንደሆነ ማስረዳት ይደክማታል፤ ደክሟትም ታስረዳለች።

ሽጉጡን ወደዚህ ቤት ያመጣው ንጉሤ ነው። ታክሲ ይነዳ ነበር። አንድ ክረምት ተሳፋሪ መስሎ የገባ ጎረምሳ ማጅራቱ ላይ ደግኖበት ስልኩንም ቦርሳውንም ወሰደበት። ንጉሤ ብዙም ሳይቆይ ሽጉጥ ገዛ። የገዛው ከሱቅ አይደለም። አብሮት ከሚነዳ ሰው፣ ፖላሪስ አካባቢ አንድ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ፣ ሁለቱም ከመኪናቸው ሳይወርዱ በመስኮት ተቀባበሉ።

"ምን ጠየቀህ?" አለችው ፀሐይወርቅ።

"ምን ይጠይቀኛል?"

"ስምህንስ?"

"ያውቀኛል እኮ።"

"ሕጉስ?"

"ሕጉ እንዲህ ነው። ሱቅ ከሆነ ይፈትሹሃል። ሰው ለሰው ከሆነ የሚጠይቅህ የለም።"

አላመነችውም። ሮሃን ጠየቀች። ሮሃ ኦሃዮ ስቴት ፐብሊክ ኸልዝ የምትማር፣ የሚመለከታትንም የማይመለከታትንም የምታውቅ ልጅ ናት። "ዬስ ማሚ" አለቻት። "ፕራይቬት ሴል ከሆነ ኖ ቼክ። ኢትስ ክሬዚ።"

"እና እዚህ የሚውለውን የመብራትን ልጅ ቂጥ ለመጥረግ አሥር ጣት፤ ይሄን ለመያዝ ግን ምንም?" አለች ፀሐይወርቅ። "እናንተ ሰዎች ጤና የላችሁም።" ሰዎች ያለችው ማንን እንደሆነ ንጉሤም ሮሃም አልጠየቋትም። ንጉሤ ሽጉጡን ቁልፍ ባለው የብረት ሳጥን ከቶ የመኝታ ቤቱ ክሎዜት የላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቀለው፤ ነገሩም በዚያ ቀረ።

ባለፈው ዓመት ንጉሤ ልቡ ድንገት ከድቶት ሞተ። ሳጥኑ ግን አለ። ከታች ሕፃናቱ ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ይተኛሉ፣ ከላይ እሱ ተቀምጧል። ቁልፉን አንገቷ ላይ ካለው ማተብ ጋር አሰረችው፤ እንደዚያም ሆኖ እንቅልፍ አልወስድ አላት። ሮሃ፣ "ማሚ፣ ጀስት ለፖሊስ ስጪው። ደውለሽ ጠይቂያቸው፣ ይቀበሉሻል" አለቻት። ደህና ምክር ነበር። ፀሐይወርቅም ልትደውል አስባ ነበር። ከመደወሏ በፊት ሙት ዓመቱ ደረሰ።

እዚህ ላይ ኤርምያስ ይመጣል። ኤርምያስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ንጉሤ የሞተ ጊዜ ሥራውን ትቶ ወንበር ያመላለሰ፣ ለቀስተኛ ከኤርፖርት ያመጣ፣ አስከሬን የተሸከመ ሰው ነው። ክረምቱን የፀሐይወርቅን በረዶ የጠረገው እሱ ነው። ሚስቱ ሚልኪ ፖላሪስ አንድ የጫማ መደብር ትሠራለች፤ ትንሿ ልጃቸው ሃኒ ፀሐይወርቅ ዘንድ ትውላለች። ይህ ሰው በሙት ዓመቱ ዕለት፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ ሰው በልቶ ገና ሳይነሳ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "እትዬ ፀሐይወርቅ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። የጋሼ ንጉሤን ሽጉጥ ለማንም እንዳይሰጡብኝ። እኔ ልግዛዎት፤ ማስታወሻም ይሆነኛል" አላት።

እስቲ አሁን ይሄ የሚጠየቅበት ቦታ ነው? ለብቻዋ ቢጠይቃት "አይሆንም" ብላው ወደ ሥራዋ ትሄድ ነበር። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት፣ በሟቹ ቀን፣ ሟቹን የተሸከመ ሰው ሲለምን ግን እምቢ የሚባልበት ቃል የለም። ፀሐይወርቅ ፈለገችው፤ አጣችው። ያገኘችው ይህን ነው፦

"እሺ ልጄ። ግን መሣሪያ ሱቅ ሄደን፣ ባክግራውንድ ቼክ ተደርጎ ነው።"

ሹካ ይዞ የነበረ ሹካውን አስቀመጠ።

"እኔን?" አለ ኤርምያስ። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። "ሕጉ እኮ አይጠይቅም እትዬ።"

"አውቃለሁ። እኔ ነኝ የምጠይቀው።"

"ሌባ ነኝ ማለት ነው?"

"ማን አለህ? አሥር ጣቴን የሰጠሁት እኔ ሌባ ነኝ?"

ኤርምያስ ፊቱን ወደ ጋሼ ፍቅረማርያም አዞረ። "ጋሼ፣ ዝም ይላሉ እንዴ? እስቲ እርስዎ ይናገሩልኝ!"

ጋሼ ፍቅረማርያም ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ ለኮሎምበስ ሐበሻ ግን ከዳኛ በላይ ናቸው። ባልና ሚስት ሲጣላ፣ ሽርክና ሲፈርስ፣ ወንድማማች በቤት ሽያጭ ሲኳረፍ መጀመሪያ የሚደወለው ለእሳቸው ነው። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ውኃቸውን ጎንጨት አሉ። ቆይተው፣ ሁሉም እያያቸው፣ "እኔ ዋስ እሆነዋለሁ" አሉ።

አዳራሹ እፎይ አለ። ጋሼ ፍቅረማርያም ዋስ ከሆኑ ምን ቀረ? ለቤት ኪራይ ዋስ ሆነዋል፣ ለጋብቻ ዋስ ሆነዋል፣ ለመኪና ብድር ሳይቀር ዋስ ሆነው ያውቃሉ። ፀሐይወርቅ ግን፣ "ጋሼ፣ ዋስ የሚጠራው እኮ ሰውዬው ካጠፋ በኋላ ነው" አለች። "ጥይቱ ከወጣ በኋላ እርስዎን ብጠራዎት ምን ያደርጉልኛል?"

ይህን ማለት አልነበረባትም ያሉ አሉ። ምግቡ ሳይቀር መራራ ሆነ ያሉም አሉ። እሷም ቤቷ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች፣ "ምን አልኩ? አሁን እኔ ምን አልኩ?" እያለች ለባዶ ግድግዳ ስትሟገት አመሸች።

ከዚያ ስልኩ ጀመረ። አንዱ ይደውልና፣ "ዛሬ በፈቃዳችን ተፈተሽን፤ ነገ መንግሥት የማን ቤት ምን እንዳለ ይመዘግባል" ይላታል። ደርግ ቤት ለቤት መሣሪያ ሲያስስ አባቱን የወሰዱበት ሰው ነው፤ ስለዚህ አትሳደብም፣ ታዳምጠዋለች። ሌላው፣ "ወንጀለኛው እንደሆነ ከመንገድ ይገዛል፤ አንቺ የምታንገላቺው ንጹሑን ሰው ነው" ይላል። "ንጹሕ ከሆነ ጥቂት ደቂቃ ቢቆም ምን ይሆናል?" ትለዋለች። "ክብሩስ?" ይላታል። የእሷ አሥር ጣት ጊዜ ክብር የት ሄዶ እንደነበር የሚነግራት ግን የለም። ሦስተኛዋ ደግሞ ስለ ሕጉ ምንም አስተያየት የላትም፤ "በለቅሶሽ ጊዜ ያደረገልሽን ረሳሽው?" ለማለት ብቻ ነው የደወለችው። ፀሐይወርቅ ስልኩን ከዘጋች በኋላ የሕፃናቱን አሻንጉሊት ወደ ቅርጫቱ እየወረወረች ትሰበስባለች።

ሮሃም አላረፈቻትም። ከተማሪ ጓደኞቿ ጋር ዳውንታውን ስቴትሃውስ፣ የግዛቱ ምክር ቤት ደጃፍ ቆማ፣ ሽያጩ ሰው ለሰው ቢሆንም ቼክ ይደረግ የሚል ሕግ ይውጣ ብላ ስትጮህ ትውላለች። ረቂቁ በየጊዜው ይቀርባል፣ በየጊዜው አንድ ኮሚቴ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። "አይ አም ፕራውድ ኦፍ ዩ ማሚ" አለቻት። "ባት ለፖሊስ ብትሰጪው ያልቅ ነበር።"

"አንቺ ጩኸሽ ትመለሻለሽ" አለች እናትዋ። "ኤርምያስን በር ላይ ስታገኚው 'ሃይ' ብለሽ ታልፊዋለሽ። በየእሑዱ አጠገቡ የምቆመው እኔ ነኝ።"

"ሶ ዋት? ኖ በይው!"

"እሱን ነው ያላስተማሩኝ።"

ሚልኪ ብቻ ነበረች ነገሩን ያላነሳችው። ጠዋት ሃኒን ታስረክባለች፣ ማታ ትወስዳለች፣ "እግዜር ይስጥልኝ እትዬ" ትላለች፣ ትሄዳለች። ፀሐይወርቅ የሚልኪን ባል ሰው ፊት ስላሳፈረችው አንገቷን ደፍታ ነው የምታስተናግዳት። ተቀይማኝ ነው ብላ አሰበች። ከበሩ ወዲያና ወዲህ ሁለቱም መሬት መሬት እያዩ ሳምንታት አለፉ።

አንድ ቅዳሜ ጋሼ ፍቅረማርያም ራሳቸው መጡ። ፀሐይወርቅ ሊጫኗት የመጡ መስሏት ገና ከበሩ መልሷን አዘጋጅታ ጠበቀቻቸው። ሽማግሌው ግን ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ መንገዱ ቁፋሮ፣ ስለ አዲሱ ቄስ አወሩ። ከዚያ በኋላ ነው፣ "እና፣ በሐሳብሽ ጸናሽ?" ያሉት።

"ጸናሁ ጋሼ።"

"ያ ምርመራ... ኮምፒውተሩ... በደንብ ነው የሚያየው? ፖሊስ ጋ የደረሰ ነገር፣ ፍርድ ቤት የደረሰ ነገር፣ ሁሉን ያወጣል?"

"ሁሉን ያወጣል" አለች ፀሐይወርቅ፣ እልኳ ይዟት።

ሽማግሌው ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሱ። "እንግዲያው ይሂድ፣ ይፈተሽ። እኔ አሳምነዋለሁ።"

እንደዚህ በቀላሉ? ያን ሁሉ ሳምንት ከከተማው ጋር አናክሰዋት፣ አሁን ጉልበታቸውን እያሹ "ይፈተሽ" ብለው ተነሱ! ፀሐይወርቅ ደስ ሊላት ሲገባ ተናደደች። መጀመሪያውኑ አዳራሹ ውስጥ ቢሉት ምን ነበረበት?

ኤርምያስም እሺ ብሎ ሱቅ ለመሄድ በተቀጣጠሩበት ዓርብ ሮሃ ክላስ ስላልነበራት ሕፃናቱን ተረከበች። ፀሐይወርቅ ሳጥኑን መኪናዋ ትራንክ ውስጥ ቆልፋ፣ "ዋስ ነኝ ብያለሁ፤ ልገኝ" ያሉትን ጋሼ ፍቅረማርያምን ከፊት አስቀምጣ ሄደች። ሱቁ ሜይን ስትሪት ላይ፣ ከአንድ ጎማ ቤት አጠገብ ነው። ኤርምያስ ቀድሟቸው ደርሶ በር ላይ ቆሟል። ፂሙ ነጭ የሆነው ባለ ሱቅ ጉዳያቸውን ሲሰማ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለና፣ ለዚህ ዓይነቱ ሽያጭ ሕጉ እንደማያስገድዳት ታውቅ እንደሆነ ፀሐይወርቅን ጠየቃት።

"ያልነገረኝ ሰው አንተ ብቻ ነበርክ" አለችው በእንግሊዝኛ። ሰውዬው ሳቀ። እንደዚህ የሚያደርግ ሰው ብዙ እንደማይመጣ፣ ቢመጣ ግን ደስ እንደሚለው ነገራት። ፀሐይወርቅ ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚረዳት ሰው አገኘች፤ እሱም ሽጉጥ ሻጭ ሆነ።

ኤርምያስ መታወቂያውን ሰጠ፣ የሚሞላውን ሞላ። ባለ ሱቁ ስልክ ደወለ። ቆሙ። ጋሼ ፍቅረማርያም ስልኩ ላይ አፍጥጠው ግንባራቸውን በመሐረብ ይጠርጋሉ፤ ሱቁ ውስጥ ግን ሙቀት አልነበረም። ብዙም ሳይቆይ ባለ ሱቁ ስልኩን ዘጋና፣ "ፕሮሲድ" አለ። ምንም አልተገኘበትም፣ አልፏል ማለት ነው።

"አዩ እትዬ?" አለ ኤርምያስ። አልጮኸም፤ ቀስ ብሎ ነው ያለው፤ ለዚህም ነው ይበልጥ ያሳፈራት። ፀሐይወርቅ ፊቷ ጋለ። በመላው ከተማ ፊት ንጹሕ ሰው ጠርጥራለች። ይቅርታ ለመጠየቅ አፏን ከፍታ ሳጥኑን በጠረጴዛው ላይ ወደ ባለ ሱቁ መግፋት ጀመረች።

የጋሼ ፍቅረማርያም እጅ ሳጥኑ ላይ አረፈ።

"አትስጪው።"

"አልፏል እኮ ጋሼ። ምንም የለበትም ነው የሚለው።"

"ሰምቻለሁ። አትስጪው።"

"ጋሼ!" አለ ኤርምያስ። "በወንጌል የተዘጋ ነገር ነው! ሽምግልና ነው!"

ሽማግሌው ቀና ብለው አላዩትም። ለሳጥኑ ነው የተናገሩት። "ባለፈው ገና ሰሞን ሚልኪን አንቋት ነበር። ሕፃኗ እያየች። ሚልኪ ፍርድ ቤት ሄዳ እንዳይጠጋት ጊዜያዊ ትእዛዝ አወጣችበት። ለዋናው ቀጠሮ እንዳትቀርብ ያደረግኋት እኔ ነኝ። ቤት አይፍረስ ብዬ። እሱን ወንጌል አስይዤ አስማልኩት፣ እሷን ይቅር አስባልኳት። ስትቀር መዝገቡ ተዘጋ። ሽጉጥ ቢኖረኝ ዛሬ በሕይወት አታድሪም ነበር ብሏት ነበር። ይህንንም ነግራኛለች።"

ፀሐይወርቅ ለትንሽ ጊዜ ምንም አልሰማችም። ከዚያ ሁሉንም አንድ ላይ ሰማችው።

"ይህን እያወቁ ነው አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ዋስ ነኝ ያሉት?"

"ሰው ፊት ጠየቀኝ። ዝም ብል ምስጢሩ ይወጣ ነበር። አንቺ ቼክ ስትዪ ተመስገን አልኩ። ኮምፒውተሩ ያገኝበታል፤ እኔ ሳልናገር፣ ምስጢርም ሳይወጣ መንግሥት ይከለክለዋል ብዬ..."

"ከየት አምጥቶ ያገኘዋል ጋሼ? ሊያገኝ የሚችለውን እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስዘጉት?"

ፀሐይወርቅ ልትጮህባቸው ፈልጋ ነበር፤ ነገር ግን ቁጣዋ መንገድ ላይ ታጥፎ ወደ ራሷ መጣ። ስለ ኤርምያስ መንግሥትን ጠየቀች፣ ባለ ሱቁን ጠየቀች፣ ከከተማው ሁሉ ጋር ተናከሰች። ጠዋትና ማታ በሯ ላይ የምትቆመውን ሚልኪን ግን፣ "ይሄ ሰውዬ ሽጉጥ ቢይዝ ምን ይመስልሻል?" ብላ አንድ ቀን አልጠየቀቻትም። አፍራ ነበር።

ኤርምያስ ቀድሟቸው ተረጋጋ። ወደ መስታወቱ ጠጋ ብሎ ከውስጥ የተደረደሩትን ሽጉጦች እያየ፣ ባለ ሱቁ እንዲሰማው በእንግሊዝኛ፣ "እንግዲያው ያንን አሳየኝ" አለ። "አልፌያለሁ አይደል?"

ባለ ሱቁ የተነጋገሩት በአማርኛ ስለነበር አንድ ቃል አልገባውም። ፊታቸውን ግን አይቷል። ቁልፉን እንደያዘ ወደ ፀሐይወርቅ ዞረ።

"ሚስቱን አንቋታል" አለችው። "አትሽጥለት።"

ሰውዬው ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ዛሬ እዚህ ሱቅ ምንም እንደማይሸጥለት ለኤርምያስ ነገረው። ኤርምያስ ትከሻውን ነቀነቀ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ በአማርኛ፣ "ሱቅ ሞልቷል እትዬ" አላት። መኪናው ተነሥቶ ሲሄድ ከውስጥ ተሰማቸው።

"ከዚህ ውጪ ላስቆመው አልችልም" አለ ባለ ሱቁ። "የሚቀጥለውም ሱቅ ቢደውል የሚነግሩት ለእኔ የነገሩኝን ነው።"

ፀሐይወርቅ ሳጥኑን ወደ ትራንኩ መለሰች፤ ነገ ጠዋት ለፖሊስ ታስረክበዋለች፤ ከዓመት በፊት ልታደርገው የሚገባትን። ሚልኪ ጋ ደወለች፤ አታነሳም፣ ሥራ ላይ ስልክ አይፈቀድላትም። "ወደ መደብርሽ እየመጣሁ ነው፤ የትም እንዳትሄጂ" የሚል ቴክስት ላከችላት። ሮሃ ጋ ደወለች።

"ሃኒን እኔ እስክመጣ ለማንም አትስጪ። ለአባቷም።"

"ማሚ፣ ሂ ኢዝ ሄር ዳድ። ስሙ መዝገቡ ላይ አለ። ያለ ኮርት ኦርደር እንዴት ብዬ?"

"እንግዲያው በሩን ቆልፈሽ መታጠቢያ ቤት ነበርኩ በይ!" አለችና ዘጋች። አያት ሳይቀር መታወቂያ የምትጠይቅ ሴት፣ አሁን ልጇን ውሸት አስተማረች።

ወደ ሰሜን ስትነዳ ጋሼ ፍቅረማርያም አጠገቧ ተቀምጠው መሐረባቸውን ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ። "እኔ ለቤታቸው ብዬ ነው" አሉ። "ከእንግዲህ በሽምግልና ማን ያምነኛል? ሰው ምን ይለኛል?"

"ኧረ ጋሼ በማርያም!" ፀሐይወርቅ መሪውን በመዳፏ መታች። "ሰው ምን ይለኛል፣ ሰው ምን ይለኛል! እኔ ሰው ምን ይለኛል ብዬ እሺ አልኩት። እርስዎ ሰው ምን ይለኛል ብለው ዋስ ሆኑት። ሞታ ብናገኛትስ ሰው ምን ይለናል? እሱን ይንገሩኝ!"

ሽማግሌው መሐረባቸውን ኪሳቸው ከተቱ። "ፍርድ ቤቱ እስከ ስንት ሰዓት ነው?" አሉ። "ያስቀረኋት እኔ ነኝ ብዬ ልናገር። የነገረችኝንም።"

"ከደረስን እስከ አራት ሰዓት ክፍት ነው" አለች ፀሐይወርቅ፤ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው ያለችው። ድምፅዋ አሁንም ቁጡ ነበር፤ መኪናውን ግን አፈጠነችው።

ፖላሪስ ሲደርሱ ሚልኪ የመደብሩ በር ላይ ቆማለች፤ የስም ባጇ ደረቷ ላይ ነው፤ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛለች። የፀሐይወርቅን መኪና ስታይ ፈጠን ብላ መጣች። ከፊት ወንበር ላይ ማን እንደተቀመጠ ስታይ እግሯ ቆመ። አንገቷን ሰበረች፣ ልብሷን አስተካከለች፣ ሽማግሌ ፊት እንደሚቆም ሰው ቆመች።

"ጋሼ" አለች። "ይቅር ብዬዋለሁ እኮ። እንደነገሩኝ ዝም ብያለሁ። ደግሞ ምን አጠፋሁ?"

ጋሼ ፍቅረማርያም በሩን ከፍተው፣ የታመመ ጉልበታቸውን እየጎተቱ ወረዱና የፊቱን ወንበር ለቀቁላት። እሳቸው ዞረው ከኋላ ገቡ።